ያልተወቃ ክምር

(ይህ ጽሑፍ በአንድ የንባብ ክበብ ወርኃዊ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለኅትመት እንዲመች ተናጋሪው ራሱ ጥቂት ማስተካከያ አድርጎበታል።)

የተከበራችሁ የክበባችን አባላትና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ንባብ እንድናገር ሲጠይቁኝ የጠበቁት ስላነበብኳቸው መጻሕፍት እንዳወጋ ይመስለኛል። ሃያ ሰባት ዓመት በማተሚያ ቤት የእርማት ክፍል ተቀምጦ የሰውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው ስለ ንባብ የሚለው አያጣምና አልተሳሳቱም። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስላላነበብኳቸው ልናገር ነው። ከመካከላችሁ አልጋው ሥር ወይም ቁም ሣጥኑ ላይ ያልተነበበ መጽሐፍ የሌለው ሰው ካለ እጁን ቢያወጣ ደስ ይለኛል። (ማንም አላወጣም።)

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። የተከራየሁት ቤት ለባለቤቶቹ ልጅ ስለተፈለገ ከአራት ኪሎ ወደ ሰሚት መዛወር ግድ ሆነብኝ። አይሱዙ ተከራየሁ፤ ጫኝና አውራጆች መጡ፤ በዋጋ ተስማማን። አልጋውና ፍሪጁ ያለ ምንም ንግግር ወጡ። መጻሕፍቱ ግን በሳሙና ካርቶንና በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቀው ኮሪደሩን ሞልተው ነበርና፣ ከልጆቹ አንዱ የመጀመሪያውን ካርቶን ሊያነሳ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው። «ፋዘር፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። መጽሐፍ መሆኑን ነገርኩት። «ሁሉም?» አለ፤ ሁሉም አልኩት። ከጓደኞቹ ጋር ጥቂት ተማከረና በተስማማንበት ዋጋ ላይ ስድስት መቶ ብር ጨመረበት። አልተከራከርኩም፤ ጀርባው የእሱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የመጣው ሰሚት ደርሰን ስናወርድ ነበር። ዝናቡ ካርቶኖቹን ከሥር አርሷቸው ስለነበር አንደኛው ተቀደደና መጻሕፍቱ ጭቃው ላይ ተዘረገፉ። ልጄ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ እያነሳች፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ታቀብለኝ ጀመር፤ ባቀበለችኝ ቁጥርም «አባዬ፣ ይሄኛውን አንብበኸዋል?» እያለች ትጠይቀኛለች። መጥፎ ሐሳብ ኖሯት አልነበረም፤ የተነበበውን ለይታ ልታስቀምጥልኝ ነበር። ከዘጠኙ ሁለቱን ብቻ «አዎ» አልኩ። አሥረኛውን ስታነሳ መጠየቋን ተወችው። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ዝምታ ከስድስት መቶ ብሩ ይልቅ ይቆረቁረኛል።

እናም ጓዙ ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በቤቴ ውስጥ 934 መጻሕፍት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኳቸው 371፣ ጀምሬ የተውኳቸው 148፣ ከቶውንም ገልጬ ያላየኋቸው 415 ሆነው አገኘኋቸው። ቆጠራው ውስጥ የሚያሳፍሩም የሚያስቁም ነገሮች ነበሩ። ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ምንም ማመንታት «የተነበበ» ከሚለው ዓምድ ሥር ካሰፈርኩት በኋላ እጄ ቆም አለ። ያ መጽሐፍ በጆሮዬ ያለው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፤ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቼዋለሁ፤ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤቶቼ አውቃቸዋለሁ፤ መጽሐፉን ገልጬ ግን ከአርባ ገጽ በላይ አልሄድኩም። ሰርዤ «የተጀመረ» ከሚለው ሥር ጻፍኩት። ይህ የእኔ ብቻ ኑዛዜ እንዳልሆነ እገምታለሁ።

ሌላው ደግሞ በደርግ ዘመን ከሞስኮ በፕሮግረስ አሳታሚ እየታተሙ በገፍ ይገቡ ከነበሩት የአማርኛ ትርጉሞች አንዱ ነው። ዋጋው ከሻይ ዋጋ እምብዛም የማይበልጥ ስለነበር ሳላስብ ገዝቼው፣ አርባ ዓመት ያህል ከቤት ቤት ይዤው ስዞር ኖሬአለሁ። ስከፍተው ብል ከሽፋን እስከ ሽፋን ከእኔ ቀድሞ አንብቦታል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ፤ ሒሳብ የማይወድ ሰው ጥቂት ይታገሰኝ። ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ያነበብኩትን ገጽ በደብተሩ ጀርባ መዘገብኩና በአማካይ 22 ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ጡረተኛ ነኝና ይህ ቁጥር ዝቅ ማለቱ አስገርሞኛል፤ ሆኖም ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፣ ስልኩም አለ። በቀን 22 ገጽ በዓመት 8,030 ገጽ ይሆናል። ያልከፈትኳቸው 415 መጻሕፍት አንዱ በሌላው ላይ ሲሰላ ወደ 240 ገጽ ስለሚይዙ፣ በጠቅላላው ወደ 99,600 ገጽ ይጠብቀኛል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድም መጽሐፍ ባልገዛ፣ ማንም በስጦታ ባይሰጠኝ፣ ያነበብኩትንም ደግሜ ባላነብ፣ ለመጨረስ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ያስፈልገኛል። ዕድሜዬ ስልሳ አራት ነው። የባሰው ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ዓመት ብቻ 46 መጻሕፍት ወደ ቤቴ ገብተዋል፤ ይህም ከ11,000 ገጽ በላይ ነው። እኔ በዓመት የማነበው 33 መጽሐፍ የሚያህል ሆኖ ሳለ 46 የማስገባ ከሆነ፣ ክምሩ መጠኑን ይጠብቃል እንኳ አይባልም፤ በየዓመቱ በአሥራ ሦስት መጽሐፍ ያድጋል። እኔ ባነበብኩ ቁጥር ክምሩ እየጨመረ የሚሄድበት ምክንያት ምሥጢር ሳይሆን ተራ መቀነስና መደመር ነው።

ክምር የሚለውን ቃል ደጋግሜ ማንሳቴ በምክንያት ነው። ገጠር ያደጋችሁ እንደምታውቁት ክምር ማለት ታጭዶ ተሰብስቦ ገና ያልተወቃ እህል ነው። ክምር ያለውን ገበሬ ማንም ድኻ አይለውም፤ ሆኖም ከክምር ላይ እንጀራ አይጋገርም። ገበሬው ክምሩን ሲያይ አያፍርም፤ ዝናብ ዘልቆ እንዳይገባው አከማመሩን ያውቅበታል፤ የትኛው ጤፍ የትኛው ገብስ እንደሆነ ጠይቃችሁት አይሳሳትም፤ የሚወቃበትንም ጊዜ ቆርጦ ያውቃል። እኛ ከመጻሕፍታችን ጋር ያለን ግንኙነት ግን ከዚህ ይልቅ ከአራጣ አበዳሪ ጋር ያለን ግንኙነት ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ እንሸሽገዋለን፤ ስናልፍ ስናገድም ዓይናችንን እናሸሻለን፤ «በክረምት እከፍላለሁ» እንላለን። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው፤ ክምሩን እንደ ዕዳ መቁጠር ትተን እንደ ክምር እንድንይዘው ነው የምለው፤ ክምርን መያዝ ደግሞ ሥራ አለው።

ለመሆኑ ክምሩ ከየት መጣ? በብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ የአንባቢ ስስት የሚል ነው። በእኛ ሀገር ሁኔታ ይህ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው እላለሁ። እዚህ አንድ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሺህ ቅጂ ይታተማል፤ ካለቀ በኋላ ዳግመኛ መታተሙ እርግጠኛ አይደለም። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው አይጨበጥም፤ እኔ ከሥራ ልወጣ በተቃረብኩባቸው ዓመታት ለደንበኛ የምንሰጠው ፕሮፎርማ የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። እናም አንባቢው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ከአዟሪ እጅ አንድ መጽሐፍ ሲያይ «አሁን ጊዜ የለኝም፣ በሚቀጥለው ዓመት እገዛዋለሁ» ቢል፣ በሚቀጥለው ዓመት ወይ መጽሐፉን አያገኘውም ወይ ዋጋውን አይችለውም። አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድማ ነገሩ የከፋ ነው፤ ያቺ አንዲት ቅጂ ከዓይናችሁ ከራቀች ተመልሳ አትመጣም። ስለዚህ ሳናነብ መግዛታችን ሞኝነት ብቻ ሳይሆን ልምድ ያስተማረን ጥንቃቄም ነው።

በዚህ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን ነገር ጨምሩበት። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ትልልቅ ሀብቶቻችን ናቸው፤ እኔም ወመዘክር ውስጥ ያሳለፍኳቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የሕዝብ አብያተ መጻሕፍቶቻችን በዋናነት እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ የተሰናዱ ናቸው እንጂ መጽሐፉን በብብታችን ይዘን ወደ ቤት የምንሄድባቸው አይደሉም። የምታውስ ቤተ መጻሕፍት በሠፈራችን እስከሌለች ድረስ እያንዳንዳችን ለራሳችን አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መሆናችን የማይቀር ነው።

በወጣትነቴ ግን ሌላ መንገድ ነበር። ደሴ ሳለሁ ልብ ወለድ በቀን ሒሳብ የሚያከራይ አንድ ሱቅ ነበር፤ ሰውየው ሲጋራና ክብሪት ከሚሸጥበት ባንኮኒ በስተጀርባ በጋዜጣ የተለበጡ መጻሕፍት ይደረድር ነበር። ኪራዩ ለአንድ አዳር ስሙኒ ነው። መብራት ሲጠፋ በኩራዝ እናነባለን፤ በነገራችን ላይ የዘመኑ ትልቁ አሳታሚ ድርጅት ኩራዝ ተብሎ መሰየሙ ለእኛ እንደ ቀልድ ነበር፤ ኩራዝ ያሳተመውን በኩራዝ እናነባለን እንል ነበር። ስሙኒ የተከፈለበት መጽሐፍ ሳይነበብ አያድርም። በማግሥቱ ካልመለስነው ሌላ ስሙኒ ነው፤ ከኋላችን ደግሞ ወረፋ የያዘ ልጅ አለ። በዚያ ዘመን ያልተነበበ መጽሐፍ ክምር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም አንድም መጽሐፍ የእኔ አልነበረም። ደመወዝ አግኝቼ የራሴን መግዛት ስጀምር ግን የሚቸኩለኝ ሰው ጠፋ። መጽሐፉ የእኔ ሆነ፤ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። እንግዲህ ክምሩ የተወለደው በዚያን ጊዜ ነው።

ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ያልተከፈተ መጽሐፍ ፊት ለፊት እንዴት ወደ ቤቴ እንደገባ ጽፌአለሁ። 163ቱን ገዝቻቸዋለሁ። 41ዱ ለሥራ የተሰጡኝ መዛግብተ ቃላትና መሰል ናቸው፤ እነዚህ ሊነበቡ ሳይሆን ሊታዩ የተሠሩ ስለሆኑ ከመጀመሪያውም መቁጠር አልነበረብኝም። 57ቱ እንዴት እንደመጡ አላስታውስም። የቀሩት ሁለት ወገን ናቸው፤ እነዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የእኛው የገዛ ክምር የሚታየው በእነሱ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ወገን 96 ሲሆን የይሉኝታ መጻሕፍት ብያቸዋለሁ። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተጠርታችሁ ሄዳችሁ፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ሳትገዙ ማለፍ እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ደራሲው የምታውቁት ሰው ነው፤ ወይ አብሮ አደጋችሁ ነው፤ ወይ የሥራ ባልደረባችሁ ወንድም ነው። ትገዛላችሁ፤ ይፈርምላችኋል፤ «ለውድ ወንድሜ» ብሎ ይጽፍላችኋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መጽሐፉን ማንበብ ወዳጅነት፣ አለማንበብ ክህደት ይመስላል፤ በየመንገዱ ስትገናኙም «እንዴት አገኘኸው?» እስኪላችሁ ድረስ ትፈራላችሁ። መስጠት እንዳትሰጡት ፊርማ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ላስቲክ ላይ ከተዘረጉት አንዱን ብገልጥ፣ እኔ የማውቀው ደራሲ ለማውቀው ሌላ ሰው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የጻፈው መታሰቢያ ገጥሞኛል። ማንም ያየኝ ይመስል መጽሐፉን ከድኜ መለስኩት። ገጹን ቀዶ መሸጥም ይቻል ነበር፤ ግን ያ የባሰ ነው። የእነዚህን መጻሕፍት ነገር እስካሁን አልፈታሁትም። ያደረግሁት ቢኖር ከእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ገጽ ማንበብ ነው። ከ96ቱ በአሥራ አንዱ ተይዤ ቀርቻለሁ፤ ሦስቱ እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ከሦስቱ የአንዱ ደራሲ ግን ይህን ሳልነግረው ዓለምን ተሰናብቷል። የቀሩት ታችኛው መደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጠዋል፤ አነባቸዋለሁ ብዬ አልዋሽም።

ሁለተኛው ወገን 58 ሲሆን እነዚህ የአደራ መጻሕፍት ናቸው። ከሀገር የሚወጣ ወዳጅ ቤቱን ሲበትን ሶፋውን ይሸጣል፣ ምንጣፉን ለእህቱ ይሰጣል፤ መጻሕፍቱን ግን «እስክመለስ አንተ ጋ ይቀመጡልኝ» ይላል። ሻንጣው ላይ የተፈቀደለት ኪሎ ለበርበሬና ለሽሮ እንኳ አይበቃውምና አይፈረድበትም። አደራ ደግሞ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። አደራን አይሸጡትም፣ አይሰጡትም፣ እንደ ራስ ንብረትም አይገልጡትም። እኔ ዘንድ የሁለት ሰዎች አደራ አለ፤ የአንደኛው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ከመፍትሔ በፊት ስለ ማጽናኛ ጥቂት ልበል፤ ይህ ጉዳይ ማጽናኛ የበዛበት ነውና። ጃፓኖች ገዝቶ ሳያነቡ መከመርን «ጹንዶኩ» ይሉታል፤ ከሜይጂ ዘመን ጀምሮ የነበረ፣ «ከምሮ ማቆየት» እና «ማንበብ» የሚሉትን ቃላት ያጋጠመ የጨዋታ ቃል ነው። ቃሉ በዓለም ዙሪያ ሲዞር ግን ፌዙ እየቀረ ሙገሳ ሆኗል፤ ያልተነበበ መጽሐፍ የማናውቀውን ብዛት እያስታወሰ ትሑት ያደርገናል የሚሉም አሉ። ሰፊ ግድግዳ ላለው ሰው ይህ ያምርበት ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ ግን ትሕትናውን ከአይሱዙው ኪራይ ጋር አስተያይቶ መወሰን ይሻለዋል። በሌላ ወገን ደግሞ የሮማው ሴኔካ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ባለቤታቸው ዕድሜውን ሙሉ ርዕሳቸውን እንኳ አንብቦ የማይጨርሳቸው መጻሕፍት ምን ይጠቅማሉ ብሎ ወቅሷል። እሱ የወቀሰው መጽሐፍን ለመመገቢያ አዳራሻቸው ጌጥ የሚያደርጉ ባለጸጎችን ስለነበር እኛን አይመለከተንም እንበል። ዙም ላይ ስብሰባ ስንገባ ከኋላችን መደርደሪያው እንዲታይ ወንበራችንን የምናዞር ሰዎች ግን ብንጠነቀቅ አይከፋም።

ከሁለቱም ይልቅ እኔን የረዳኝ የራሳችን የቆየ የንባብ ልማድ ነው። በብራና ዘመን ያልተነበበ ክምር ሊኖር አይችልም ነበር፤ አንድ ዳዊት የበርካታ ፍየሎችን ቆዳ፣ የጸሐፊውን ወራት፣ የቀለሙን ጥበብ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ማኅደር አሰፍቶለት ከግድግዳው ይሰቅለዋል ወይም በትከሻው ይዞት ይዞራል። አንባቢው አንዱን መጽሐፍ በሰባቱ ዕለታት ከፋፍሎ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ግሡም ይህንኑ ይነግረናል፤ ዳዊት «ይደገማል» እንላለን። አንድ ጊዜ አንብቦ «ጨረስኩ» ማለት እዚያ ቦታ የለውም። እኔ በደብተሬ «የተነበበ» ብዬ ካሰፈርኳቸው 371 መጻሕፍት ውስጥ ስንቱን አስታውሳለሁ ብዬ ራሴን ብጠይቅ፣ መልሱ ካልተነበቡት ቁጥር ይልቅ አስደነገጠኝ። ስለዚህ ከማነባቸው አራት መጻሕፍት አንዱ ድጋሚ እንዲሆን ወስኛለሁ። በቁጥር ሲታይ ይህ ክምሩን የሚያባብስ ውሳኔ ነው፤ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከሁሉ በፊት የጠቀመኝ መዝገቡ ነው። ማን እንደሆነ የታወቀ ክምር አያስፈራም፤ ከ415ቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ የገዛኋቸውን ስድስት መጻሕፍት ያገኘሁት በመዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ «ይህን ዛሬ ሱቅ ውስጥ ባየው እገዛዋለሁ?» የሚል ጥያቄ አስገብቼ በአዎና በአይደለም መለስኩ። የገዛኋቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ የዛሬው እኔ ሳልሆን የሠላሳ ዓመቱ እኔ የፈለጋቸው ናቸው። ፈረንሳይኛ ሊማር የነበረው ያ ጎልማሳ ሦስት የሰዋስው መጽሐፍ ትቶልኛል፤ እኔ እሱን ወክዬ ፈረንሳይኛ የመማር ግዴታ የለብኝም።

አይደለም ያልኳቸውን የት ላድርሳቸው የሚለው ጥያቄ ግን ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። መጽሐፍ መለገስ መልካም ነገር ነው። ሆኖም ልገሳ ስንል ብዙ ጊዜ የምናደርገው የማንፈልገውን ወደ ሌላ ሰው መደርደሪያ ማዛወር ነው። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የቀረ የኮምፒውተር መመሪያና የተቀየረ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ መደርደሪያውን ሞልቶ፣ ልጆቹ የሚያነቡት ተረት ግን አንድም ሳይኖር አይቻለሁ። ስለዚህ ከመላኬ በፊት ደውዬ ምን እንደሚፈልጉ እጠይቃለሁ፤ የማይፈለገውን ለአሮጌ ሻጭ እሰጣለሁ፤ እሱም የማይወስደው ለወረቀት ይሄዳል። መጽሐፍ ለወረቀት ሲሰጥ ማየት ለእኔ ሞት ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ጀምሬ ስለተውኳቸው 148ቱ ብዙ አልልም፤ አብዛኞቹን ማቋረጤ ልክ ነበር። እኔ አራሚ ስለነበርኩ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ዘልዬ ማለፍ አይሆንልኝም ነበርና ይህን ለራሴ ለመፍቀድ ጡረታ መውጣት አስፈለገኝ። በስልኬ ውስጥ ስላሉት ፒዲኤፎችም እንዲሁ ነው፤ ከቴሌግራም ቻናል ያወረድኳቸውን ስቆጥር ከሁለት ሺህ በላይ ስለሆኑ ቆጠራውን አቁሜ፣ ደራሲው ሳይፈቅድ የተሰራጩትን በሙሉ አጥፍቻለሁ። የእርማት ክፍል ኑሮዬ አንድ መጽሐፍ የስንት ሰው ላብ እንደሆነ ስላሳየኝ መጀመሪያውንም ማውረድ አልነበረብኝም።

ከሁሉ የተሻለ የሠራልኝ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ ያላነበብኳቸውን ማዋስ ጀመርኩ። የተለመደው ሰው ያነበበውን ማዋሱ ነው። እኔ የደብተሩን ዝርዝር ፎቶ አንስቼ ለአዲሱ ሠፈሬ ጎረቤቶች፣ ለልጄ ጓደኞችና ለአንዳንድ የድሮ ባልደረቦቼ በቴሌግራም ላክሁ፤ ቅድመ ሁኔታው በወሩ መመለስና ሲመልሱ ቡና እየጠጡ ስለ መጽሐፉ መንገር ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አምስት ሕግጋት አንዱ «ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው» የሚል ነው፤ ያ አንባቢ የግድ የመጽሐፉ ባለቤት መሆን አለበት አላለም። ከታችኛው ፎቅ ያለች ነርስ በአምስት ወር ውስጥ አሥራ አራት መጻሕፍቴን አንብባለች። እሷ ከነገረችኝ በኋላ አራቱን ራሴ አንብቤአቸዋለሁ፤ ስድስቱን ደግሞ ማንበብ እንደማያስፈልገኝ አውቄ ከዝርዝሩ ሰርዣለሁ። ሁለት መጽሐፍ ያልመለሰልኝ ሰው አለ። ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ክምሩ ግን በሁለት ቀንሷል።

የአደራ መጻሕፍቱን ነገር አቆይቼ ነበር። ወዳጄ ከሃያ ዓመት በላይ አሜሪካ ነው፤ ሁለት ካርቶን መጻሕፍቱን እንደታሰሩ ይዤ አራት ቤት ቀይሬአለሁ። ቆጠራውን ስጀምር ደወልኩለትና ምን ላድርጋቸው አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እስካሁን አሉ እንዴ? እኔ እኮ ረስቻቸዋለሁ» አለኝ። እሱ የረሳውን አደራ እኔ ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ግን አልተናደድኩም፤ ካርቶኖቹን ፍታቸው፣ እንደ ፈለግህ አድርግ አለኝና ፈታኋቸው።

ከሁለተኛው ካርቶን ውስጥ አንድ የተተረጎመ ልብ ወለድ ወጣ። ገጽ 112 ላይ አንዲት የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ተቀምጣለች፤ ሊሄድ ሰሞን እያነበበው ኖሮ እዚያ ላይ አቁሟል። ይህን ስነግረው የመጽሐፉን ርዕስ ከማስታወሱ በፊት የት ቦታ ተቀምጦ ያነበው እንደነበር አስታወሰ። ከዚያም «ቀጥሎ ምን ሆነ?» አለኝ። እኔ እንዴት አውቃለሁ፤ አላነበብኩትም።

በግእዝ ነበበ ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ አንበበ ስንል እንዲናገር አደረገ እንደማለት ይሆናል። እናም ከሦስት ወር ወዲህ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ቀትር ገደማ ነውና፣ እደውልለታለሁ፤ ስልኩን ከስኳር ዕቃው አስደግፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከገጽ 112 ጀምሮ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ቀድሜ ብቻዬን እንዳላነብ አስምሎኛል። አንዳንዴ መኪና ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ ይተኛብኛል፤ ያኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንቀጹን እጨርስና ትኬቷን እዚያው እመልሳታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገጽ 187 ላይ አቁመናል።

አመሰግናለሁ።